ግማሽ ሚሊ ሜትር ቀዳዳ፦ የቤንዚን ትነት ፍለጋ በሚዛን ተፈሪ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጅማንና ቦንጋን አልፎ ሚዛን ተፈሪ የገባ የቤንዚን መኪና በማግስቱ ቼክ ኢንጅን ቢያበራ፣ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠረጥረው መንገዱን ነው። ሞተሩ ግን ጉልበቱ አልቀነሰም፤ ድምፁም ያው ነው። ስካነር ሲሰካ «ፒ0442» ወይም «ፒ0456» የሚል ኮድ ይወጣል። የመጀመሪያው አነስተኛ፣ ሁለተኛው በጣም አነስተኛ የቤንዚን ትነት መሹለክን ያመለክታል። መኪናው ከአንድ ቦታ ያስተነፍሳል ማለት ነው። ከየት እንደሆነ ኮዱ አይናገርም፤ ያንን ማግኘት የመካኒኩ ሥራ ነው።

ቤንዚን መኪናው ቆሞም ይተናል። ትነቱ እንዲሁ ወደ አየር ቢለቀቅ በፀሐይ ብርሃን ከሞተር ጭስ ጋር ተዋህዶ ሳንባ የሚጎዳ ኦዞን ይፈጥራል። ስለዚህ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1970፣ መላው አሜሪካ ደግሞ በ1971 ሞዴል መኪኖች ትነቱ እንዲያዝ አስገደዱ። ዘዴው እስከ ዛሬ ያው ነው። ከሰልባትዮው (ከነዳጅ ታንኩ) የሚነሳው ትነት በቱቦ ሄዶ ካኒስተር በሚባል ከሰል የተሞላ ዕቃ ውስጥ ይጠመዳል። ሞተሩ ሲሞቅ ፐርጅ ቫልቭ ይከፈታል፤ የሞተሩ ስበት በከሰሉ መካከል ንጹህ አየር እየሳበ ትነቱን ይዞት ወደ ሞተሩ ይገባል፤ እዚያም ይቃጠላል። ንጹህ አየሩ የሚገባው በሌላኛው ጫፍ ባለው ቬንት ቫልቭ በኩል ነው። ናፍጣ እንደ ቤንዚን ስለማይተን ቡና የሚጭኑት አይሱዙዎች ይህ ሁሉ የለባቸውም።

ከ1996 ሞዴል ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ መኪና ይህን ሥርዓት ራሱ እንዲፈትሽ በሕግ ተገደደ። መጀመሪያ የ1 ሚሊ ሜትር፣ ከ2000 ወዲህ ደግሞ ደረጃ በደረጃ የግማሽ ሚሊ ሜትር ቀዳዳ መለየት ነበረበት። ለጃፓን ወይም ለአውሮፓ የተሠሩ ብዙ መኪኖች ካኒስተሩ አላቸው፤ ፍተሻው ግን የላቸውም። አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ኮሮላዎች አንዱ እያበራ ሌላው ዝም የሚለው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ኮምፒውተሩ የሚፈትሸው ሁለቱን ቫልቮች ዘግቶ፣ በታንኩ ውስጥ የተፈጠረው ስበት ወይም ግፊት ሳይለወጥ መቆየቱን በማየት ነው። ብዙ ቶዮታዎች ይህን የሚያደርጉት መኪናው ከጠፋ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላ፣ በትንሽ ፓምፕ ነው። ፓምፑ መጀመሪያ ልኩ በታወቀ ቀዳዳ ይስባል፤ ቀጥሎ ሙሉውን ሥርዓት ስቦ ያነጻጽራል። ሌሊት ከቆመ መኪና ኋላ የሚሰማው ቀጭን የፓምፕ ድምፅ ይኸው ነው።

ፍተሻው ግን ሁልጊዜ አይካሄድም። በብዙ መኪኖች ታንኩ ከ15 እስከ 85 በመቶ መሞላት አለበት። ከፍታም ወሳኝ ነው፤ ብዙ መኪኖች ከ2,400 ሜትር ገደማ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ፍተሻውን ይተዉታል። የአዲስ አበባ ሰሜናዊ ሰፈሮች ከዚህ ልክ በላይ ናቸው፤ ሚዛን ወደ 1,450፣ ቴፒ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ይገኛሉ። እናም ደጋ ላይ ለወራት ሳይፈተሽ የኖረ ቀዳዳ ቆላ ሲወርድ ይጋለጣል። መንገዱ ያመጣው የመሰለው ብልሽት ከቤት የመጣ ሊሆን ይችላል።

ጥሩ መካኒክ ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት ይጠይቃል፦ «ጋሼ፣ ነዳጅ መጨረሻ የሞሉት መቼ ነው? ክዳኑንስ ማን ዘጋው?» ክዳኑ እስኪጮህ ካልጠበቀ፣ ወይም የጎማ ቀለበቱ ከደረቀና ከተሰነጠቀ፣ ፍለጋው እዚያው ያበቃል። ቀጥሎ ፐርጅ ቫልቩ ይታያል። ሞተሩ ሳይሞቅ በሚሠራበት ጊዜ ከካኒስተር የሚመጣውን ቱቦ ነቅሎ ጣት ማስጠጋት ነው፤ ከሳበ ቫልቩ አይዘጋም። ነዳጅ ከተሞላ በኋላ አልነሳ የሚል መኪናም ይህንኑ ያስጠረጥራል።

ከዚያ የጭስ ማሽኑ ይመጣል። ሥራው ጎሚስታ ካመነዳሪ ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ እንደሚጠብቀው ነው። ማሽኑ ዘይት አሙቆ ነጭ ጭስ ያወጣል፤ ቬንት ቫልቩ በስካነር ትእዛዝ ይዘጋል፤ ጭሱ በዝቅተኛ ግፊት ወደ ሥርዓቱ ይገባል። ለጎማ የሚነፋው የኮምፕሬሰር አየር ለዚህ ፈጽሞ አይሆንም፤ ታንኩን ይጎዳል፣ ከትነቱ ጋር ተቀላቅሎም ለእሳት ይዳርጋል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ለማየት ትዕግሥት ያስፈልጋል፦ ንፋስ የሌለበት ቦታ፣ ጠንካራ የእጅ ባትሪ፣ ብዙ ደቂቃ። ቀዳዳው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከኋላ ጎማው በላይ፣ የደረቀ ጭቃ በተጋገረበት የነዳጅ መሙያ አንገት ላይ ነው። ጭቃው ሲፋቅ የዛገው ብረት ይታያል፤ ከመሃሉም እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ጭስ ይወጣል።

ዝናብና ጭቃ የማያጣው የቤንችና የሸካ መንገድ ለዚህ ዓይነት ዝገት የተመቸ ነው። ከሸዋ ቤንች ወይም ከበበቃ በጭቃ ተለብጦ የሚመለስ መኪና ሲታጠብ አንገቱና ካኒስተሩ ያሉበት የታች ክፍል አብሮ መታጠብ አለበት። ትናንሽ ፍጥረታትም አይናቁ፦ እ.ኤ.አ. በ2011 ማዝዳ ከ50,000 በላይ ማዝዳ 6 መኪኖችን በሰሜን አሜሪካ ለጥገና የጠራው፣ ሸረሪት በካኒስተሩ አየር ማስገቢያ ቱቦ ውስጥ ድር ስላደራች ነበር። የተዘጋ ቱቦ ታንኩን በስበት ሊሰነጥቀው ይችላል። ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን በእጃችን የምናደርሰው ነው። ነዳጅ ሲጠፋ ወረፋ ጠብቀን «እስከ አፉ ሙላልኝ» ስንል ፈሳሽ ቤንዚን ካኒስተሩ ውስጥ ገብቶ ከሰሉን ያበላሸዋል። ማደያው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያቋርጥ ማቆም ይበቃል።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ስላገደች፣ በእጃችን ያሉትን ቤንዚን መኪኖች ለረጅም ዘመን ማቆየት የግድ ነው። ኮዱን በስካነር አጥፍቶ መሸኘት ጥገና አይደለም፤ ፍተሻው ተሟልቶ በተደጋጋሚ እስኪወድቅ መብራቱ ቀናት ሊዘገይ ስለሚችል የዳነ ያስመስለዋል። ካኒስተሩን በግምት መቀየርም የሰውን ገንዘብ መጣል ነው። ባለመኪናው ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ነገር ነው፦ «ጭሱ የወጣበትን አሳየኝ።» ከተጠገነ በኋላም ታንኩን ግማሽ ገደማ አድርጎ መኪናውን ሌሊት ማሳደር፣ በማግስቱም ስካነሩ ፍተሻው መጠናቀቁንና ማለፉን ሲያሳይ ማየት ነው። ሒሳብ መከፈል ያለበት ያኔ ነው።