«ካውንስል ጠይቅ»

ለንደን ውስጥ የቤት፣ የቆሻሻ ወይም የልጆች ትምህርት ቤት ጉዳይ ሲነሣ የሐበሻው ምክር አንድ ነው፦ «ካውንስል ጠይቅ»። ካውንስሉ ውስጥ ማን ምን እንደሚወስን የሚያውቅ ግን ብዙ አይገኝም።

ከተማዋ ከጥንታዊው ሲቲ ኦፍ ለንደን ሌላ የየራሳቸው ካውንስል ባሏቸው 32 ቦሮዎች የተከፈለች ናት። ቦሮዎቹ ሥራ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበት ካሌዶኒያን ሮድ የሚገኝበት ኢዝሊንግተን አንዱ ነው። 17 ዋርዶች (የምርጫ ክልሎች) ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ ዋርድ በየአራት ዓመቱ ሦስት ካውንስለሮች ይመርጣል፤ በድምሩ 51። ካውንስለሮቹ ከመካከላቸው መሪ ይሰይማሉ፤ መሪውም የመኖሪያ ቤቱን፣ የገንዘቡን፣ የአካባቢ ጥበቃውን ዘርፍ ከሚይዙ ጥቂት ባልደረቦቹ ጋር አብዛኛውን ውሳኔ ይሰጣል። የቀሩት እነሱን ይመረምራሉ። ሐብል የሚያጠልቀው የኢዝሊንግተን ከንቲባ ሹመቱ የክብር ነው፤ በጎረቤት ሃክኒ ግን ከንቲባውን ሕዝብ በቀጥታ ይመርጠዋል፣ ሥልጣኑም የምር ነው።

ሁሉም ነገር ግን በካውንስል እጅ አይደለም፤ ፖሊስና አውቶቡስ የካውንስል አይደሉም።

ካውንስለር የሚመርጠውም ሁሉም ነዋሪ አይደለም። የኬንያ ወይም የናይጄሪያ ዜጋ፣ አገሩ የኮመንዌልዝ አባል ስለሆነች፣ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ከሆነ ካውንስለር ይመርጣል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ የያዘው ጎረቤቱ ካውንስል ታክሱን እየከፈለም ድምፅ የለውም። ያስቆጫል። ሆኖም ድምፅ የማይጠይቁ በሮችም አሉ። ካውንስለሮች በየዋርዳቸው ቀን ቆርጠው የነዋሪን አቤቱታ ይሰማሉ፤ ሻጋታ የያዘው ግድግዳ ሳይጠገን የከረመበት ሰው የተጻጻፈበትን ደብዳቤ ይዞ መሄድ ይችላል። የካውንስሉ ስብሰባዎችም በአብዛኛው ለማንም ክፍት ናቸው። ይህን መብት ያጠናከረውን የ1960 (እ.ኤ.አ.) ሕግ ለፓርላማ ያቀረበችው፣ በመጀመሪያ ንግግሯ፣ ገና አዲስ ተመራጭ የነበረችው ማርጋሬት ታቸር ናት።

ከሁሉ የቀረበው በር ግን መንገድ ዳር፣ የመብራት ምሰሶ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ነው፤ ብዙ ሰው ሳያነብበው ያልፋል። አንድ ሰው ፎቅ ለመጨመር ወይም ሱቁን ወደ መጠጥ ቤት ለመለወጥ ፈቃድ መጠየቁን ይናገራል፤ አስተያየት ለመስጠት የተለመደው ጊዜ 21 ቀን ነው። «ብርሃን ይጋርድብኛል»፣ «ሌሊት ጫጫታ ይበዛል» የሚል ተቃውሞ ይመዘናል። «የቤቴ ዋጋ ይወርዳል» የሚለው ግን ቦታ የለውም። ከባዱ ማመልከቻ ለፕላኒንግ ኮሚቴ ይቀርባል፤ በብዙ ቦሮዎች አስቀድሞ የተመዘገበ ነዋሪ ለጥቂት ደቂቃ ይናገራል፣ አመልካቹም መልስ ይሰጣል። ከዚያ ካውንስለሮቹ እዚያው፣ በታዳሚው ፊት፣ ድምፅ ይሰጣሉ።