የሥራ ቡድን ጥንካሬ ከየት ይመነጫል?

አንድ መሥሪያ ቤት ለአንድ ልዩ ተግባር የሥራ ቡድን ሲያቋቁም አስቀድሞ የሚነገረን ስለ አባላቱ ብዛት፣ ስለ በጀቱና ስለ ተሽከርካሪው ነው። ቡድኑ ከወራት በኋላ ሲፈዝም በምክንያትነት የሚቀርበው የእነዚሁ እጥረት ነው። ገንዘብ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ፈንጣጣን ከምድር ገጽ ያጠፋው ዘመቻ ታሪክ ይህንን ማመካኛ አይደግፍም።

የዓለም የጤና ድርጅት የተጠናከረውን ዘመቻ በ1959 ዓ.ም. ሲጀምር ግቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነገር ነበር፤ በዓለም ላይ አንድም የፈንጣጣ ሕመምተኛ እንዳይኖር ማድረግ። የዘመቻው መሪ ዶክተር ዶናልድ ሄንደርሰን የሥራው መለኪያ የተከተበው ሕዝብ ብዛት ሳይሆን የቀሩት ሕሙማን ቁጥር እንዲሆን አጥብቀው ይሟገቱ ነበር። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ክትባት ብቻ የሚቆጥር ቡድን በሽታው እየተዛመተም ዕቅዱን መቶ በመቶ ፈጽሜአለሁ ሊል ይችላል። (እንዲህ ያለውን ሪፖርት ስንት ጊዜ አዳምጠናል!)

በዚያው ዓመት በምሥራቅ ናይጄሪያ ለሁሉም የሚዳረስ ክትባት አልነበረም። ዶክተር ዊልያም ፌጊና ባልደረቦቻቸው በሚሲዮናውያን የሬዲዮ መገናኛ አማካይነት በሽተኛው የት እንዳለ እያጣሩ በዙሪያው ያሉትን ከተቡ፤ ወረርሽኙም ተገታ። በሥራ ላይ ያለው ሰው ያገኘው ይህ ዘዴ ቀስ በቀስ የዘመቻው ሁሉ ዘዴ ሆነ። የበላይ አካል ከበታቹ ለመማር ፈቃደኛ ባይሆን ኖሮ ግኝቱ እዚያው በቀረ ነበር።

በአገራችን ሥራው በ1963 ዓ.ም. ሲጀመር በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ባለሙያው ጥቂት፣ አገሩ ሰፊ፣ መንገዱም አስቸጋሪ ነበር። በደጋው አካባቢ ሕዝቡ ከበሽተኛ ቁስል ወስዶ ጤነኛውን የማስከተብ የቆየ ልማድ ስለነበረው የመንግሥቱን ክትባት የማይቀበል ብዙ ነበር። ይህንን ድንቁርና ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ግን በሽተኛ አያስገኝም። ቡድኖቹ በእግርና በበቅሎ ተጉዘው፣ የአካባቢውን ቋንቋና መንገድ የሚያውቁ ሰዎችን ቀጥረው አሠሩ። ባለ ሁለት ጫፉ መርፌ በአጭር ሥልጠና ማንም ሊጠቀምበት የሚችል ነበርና ትናንት መንገድ መሪ የነበረው ሰው ዛሬ ከታቢ ለመሆን ይችል ነበር። የመጨረሻው ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ፣ በዲሞ መንደር ተገኘ።

መጥፎ ወሬ ለሚያመጣው ሠራተኛ የሚሰጠው ምላሽም የቡድንን ዕድል ይወስናል። በህንድ፣ በቢሃር ግዛት፣ በ1966 ዓ.ም. የቤት ለቤት ፍለጋው ሲጠናከር የሕሙማኑ ቁጥር እጅግ አሻቀበ። ወደ ጅምላ ክትባት እንመለስ የሚሉ ባለሥልጣኖች ተነሡ። ቁጥሩ የጨመረበት አንዱ ምክንያት ግን ተሸፍኖ የኖረው መገለጡ ነበር። ፈላጊዎቹ በሥራቸው ጸኑ፤ በግንቦት 1967 ዓ.ም. የህንድ የመጨረሻው ሕመምተኛ ተመዘገበ።

በተፈጥሮ የተዛመተው ፈንጣጣ የመጨረሻ ሰለባ በጥቅምት 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ፣ በመርካ ከተማ የተገኘ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነው። በሆስፒታል እየሠራ ክትባቱ አምልጦት ነበር። ከእርሱም በኋላ ቡድኖቹ አልተበተኑም፤ ሌላ ሕመምተኛ አለመኖሩን ሲያስሱ ከሁለት ዓመት በላይ ቆዩ። የዓለም የጤና ጉባዔ ፈንጣጣ መጥፋቱን ያወጀው ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. ነው።