ወጥመድም ወግ አለው

«ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለውን ተረት የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ማንነቱን ደብቆ የሚኮፈስ ሰው ስናይ ነው። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። እንግዳው ጅብነቱን ቢደብቅም ጥያቄው ያጋልጠዋል፤ ለጅብ ቁርበት ምንጣፍ ሳይሆን እራት ነውና። ፍትሐዊ ወጥመድ ማለትም ይኸው ነው። አውሬው ይደበቃል፣ ምልክቱ ግን አይደበቅም።

ነገሩን ያነሳሁት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ስለሚባለው የምናብ ጨዋታ ነው። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን አዘጋጅተውት እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ታተመ። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ይከባሉ። አንዱ አጫዋች ሆኖ አገሩን፣ መንገዱንና አውሬውን ይተርካል፤ ሌሎቹ መንገደኛ ሆነው የሚያደርጉትን ይናገራሉ። አጠራጣሪውን ነገር ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይወስነዋል። ሕግ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ጆሮው ይቆማል፤ አጫዋቹ ሕግ አውጪም፣ ዳኛም፣ አስፈጻሚም ነውና። እንዲህ ያለ ሥልጣን የያዘ ሰው ወጥመድ ሲያጠምድ ልጓም ያስፈልገዋል።

እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው የጨዋታው የአውሬዎች መጽሐፍ ውስጥ የሰው ድምፅ እያስመሰለ የሚያታልል «ሌውክሮታ» የተባለ አውሬ አለ። ዘሩ የሚመዘዘው ከሮማዊው ጸሐፊ ከፕሊኒ ነው። ፕሊኒ በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህን አውሬ ከግብፅ በስተደቡብ ባለው፣ «ኢትዮጵያ» ብሎ በሚጠራው ሰፊ ምድር አኑሮታል። ጅብም የሰው ስም አጥንቶ በስሙ እየጠራ ከደጅ ያወጣዋል የሚል ወሬ መዝግቧል።

እስቲ ይህን አውሬ ወደ አገራችን እናምጣው። መንገደኞች አህያ ጭነው ከስማዳዋ ወገዳ ወደ በሽሎ ሸለቆ እየወረዱ ነው እንበል። ሲመሽ ከገደሉ ሥር «ድረሱልኝ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። አጫዋቹ «ወረዳችሁ? እንግዲያው ተበላችሁ» ካለ ያ ወጥመድ ሳይሆን ግፍ ነው። ወግ የሚያውቅ አጫዋች ግን አራት ነገር ያደርጋል።

አንደኛ፣ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። አህያዋ አልሄድም ትላለች፤ መንገዱ ዳር የተጋጠ አጥንት ይታያል። ይህን በዳይስ ዕድል አይሸፍነውም፤ ዕጣ ያልወጣለት ሰው ማስጠንቀቂያ ተነፍጎት ይቀጣልና።

ሁለተኛ፣ አውሬው ከጠባዩ አይወጣም። የሰማውን ይደግማል እንጂ አያስብም። «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሶ «ድረሱልኝ!» ይላል። የጠየቀ ያውቃል።

ሦስተኛ፣ መውጫው ከአንድ በላይ ይሆናል። ችቦ የለኮሰ፣ ድንጋይ የወረወረ፣ ገመድ የሰደደ ሁሉ እንደ ብልሃቱ ያገኛል።

አራተኛ፣ ቅጣቱ ከጥፋቱ ይመጣጠናል። የመጀመሪያው ስህተት አህያ ያስበላ እንጂ ሕይወት አያስከፍል።

ሐሳቡ ለሕግ እንግዳ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 በሬው ሰው ወግቶ ቢገድል ባለቤቱ ንጹሕ ነው፤ ተዋጊነቱ ተነግሮት ካልጠበቀው ግን ይጠየቃል። ኃላፊነትን ያመጣው ማስጠንቀቂያው ነው።

«ምልክቱ ከታየ ምኑን ወጥመድ ሆነ?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ቅኔያችን ውስጥ አለ። ወርቁ ከውጭ አይመጣም፣ እዚያው ሰሙ ውስጥ ነው፤ ሰሚው ሲደርስበት «ለካ!» ይላል። የተያዘ ተጫዋችም «ለካ ነግሮን ነበር!» ካለ ወጥመዱ ፍትሐዊ ነው። «ከየት መጣብን?» ካለ ግን ጨዋታው ተበላሽቷል። ከዚያ ወዲያ ተጫዋቾቹ ድንጋዩን ሁሉ ሳይነካኩ አያልፉም፤ ከገደሉ ሥር እውነተኛ ሰው ቢጮህ እንኳ የሚደርስለት አይገኝም።