ሁለት ውሻ በአንድ ሳህን

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ውሻ ነው። «ስለ ውሻ ደግሞ ምን ይጻፋል?» እንዳትሉ። እስከ መጨረሻው አንብቡትና ትፈርዳላችሁ።

እኛ ግቢ ሁለት ውሾች አሉ። ትልቁ መቻል ይባላል፣ ትንሹ ቡቺ። እንደ ብዙዎቹ የመርካቶ ግቢዎች የእኛም ጠባብ ነው፤ ስድስት ቤተሰብ ይኖርበታል፣ ከጀርባ ደግሞ የዕቃ መጋዘን አለ። ማታ ማታ ሁሉንም የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ቀን አብረው ይተኛሉ፣ አብረው ይጫወታሉ።

ታዲያ ባለፈው ፋሲካ ምን ሆነ መሰላችሁ? 55ቱን የጾም ቀን የእንጀራ ፍርፋሪ ከአንድ ሳህን በሰላም ሲበሉ የከረሙት ውሾች የበግ አጥንት ሲጣልላቸው ተናከሱ። ታናሽ ወንድሜ ሊገላግላቸው እጁን ሲሰድ መቻል ክንዱን ነከሰው። ከዚያ በኋላ የግቢው ሰው ሁሉ «ይሄ ውሻ ከፍቷል፣ ሩቅ ወስዶ መጣል ነው» አለ። እኔ ግን አላስችለኝ ብሎ የሳይንስ መምህራችንን ጠየቅኳቸው፤ መጽሐፍም አገላበጥኩ። ያገኘሁት ይኸውላችሁ።

ለምን ይጣላሉ?

ውሻ የሚወደውን ነገር እንዳይነጠቅ መጠበቁ ተፈጥሮው ነው። በባሌና በሰሜን ተራሮች የሚኖረው የውሻ ዘመድ ቀይ ቀበሮ እንኳን በቡድን እየኖረ አይጥ የሚያድነው አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ነው። ፍርፋሪ በየቀኑ ስለሚገኝ ብዙ አያጣላም። አጥንት ግን ብርቅ ነው። ብርቅ ነገር ደግሞ ያጣላል፤ እኛስ ለአንድ ኳስ እንጣላ የለ?

ከመናከሳቸው በፊት ምን ያሳያሉ?

ውሻ ሳይናገር አይናከስም፤ እኛ ነን የማንሰማው። መጀመሪያ ሰውነቱ ድርቅ ይላል። አንገቱን ሳህኑ ላይ ይደፋል፣ ቶሎ ቶሎ ይውጣል፣ በዓይኑ ጥግ ያያል። ቀጥሎ ያጉረመርማል፣ ጥርሱን ያሳያል። ማጉረምረም ማለት በውሻ ቋንቋ «እባክህ አትቅረበኝ» ማለት ነው። ስላጉረመረመ ከመታነው ማጉረምረሙን ይተውና በሌላ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይናከሳል። ለካ እኛ ግቢ መቻል ባጉረመረመ ቁጥር በዱላ ይመታ ነበር!

ምን እናድርግ?

1ኛ. ለእያንዳንዱ የራሱ ሳህን ይኑረው። እኛ ከምናለሽ ተራ ሁለት አሮጌ ጎድጓዳ ሳህን ገዛን።

2ኛ. ሲበሉ አይተያዩ። ግቢው ቢጠብም ዘዴ አይጠፋም። መቻል ከውጪው በር ጋ ይበላል፤ ቡቺ ደግሞ ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ በሩ ተዘግቶ።

3ኛ. ሁለቱም በልተው ሲጨርሱና ከቦታቸው ሲርቁ ሳህኑ ይነሳ። ባዶ ሳህንም ያጣላል።

4ኛ. አጥንት መሬት ላይ አይወርወር። ለየብቻቸው በተለያዩበት ቦታ ይሰጣቸው።

5ኛ. ከአፉ መንጠቅ የለም። ትልቅ ሰው የሚበልጥበትን ምግብ ራቅ አድርጎ ቢጥልለት ራሱ ይለቃል።

6ኛ. ከተናከሱ እጃችሁን አትስደዱ! ትልቅ ሰው ጥሩ። እነሱ ከሩቅ አንድ ባልዲ ውሃ ቢደፉባቸው ወይም የድስት ክዳን ቢያንኳኩ ይሻላል።

ልጆች፣ እናንተ ደግሞ የሚበላና የተኛ ውሻ አትንኩ።

ከነከሰስ?

ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ቀጥታ ጤና ጣቢያ መሄድ። የውሻ እብደት በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም፤ ክትባቱ ግን በጊዜ ከተወሰደ ያድናል። የግቢያችን ውሻ ስለሆነ ብለን ችላ አንበል። ጉለሌ ያለው ሰፈር «ፓስተር» የሚባለው በፈረንሳዊው ሳይንቲስት በሉዊ ፓስተር ስም እንደሆነ ታውቃላችሁ? በ1885 እ.ኤ.አ. በእብድ ውሻ የተነከሰን የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ያዳነው እሱ ነው። ወንድሜም ክትባቱን በየቀጠሮው ጨርሶ ደህና ሆኗል። ውሾቹንም በየዓመቱ ማስከተብ ይገባል።

ለአረፋ ጎረቤቶቻችን አጥንት ሲሰጡን ሁላችንም ፈርተን ነበር። አንዱን እዚያ፣ አንዱን እዚህ አድርገን ሰጠናቸው። ድምፅ እንኳን አልተሰማም! ያን ቀን «ይጣል» ሲሉ ከነበሩት አንዷ አያቴ ነበሩ። እሳቸውም «ለካ ጥፋቱ የሳህኑ ነው» ብለው ሳቁ። መቻል አሁንም ከእኛ ጋር ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? እኛም የሚጠብቀንን ውሻ በሥርዓት እናብላው እላለሁ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 7ኛ «ለ»