ትክክለኛ መረጃ በሥርዓቱ ተቀባይነት የሚያጣው ለምንድን ነው?

በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ከተማ የሚኖር ተገልጋይ ማመልከቻውን በኢንተርኔት ሲልክ፣ የጻፈው ቁጥር ትክክል ሆኖ ሳለ «የተሳሳተ መረጃ» የሚል ምላሽ ሊደርሰው ይችላል። እንዲህ ያለው ምላሽ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ በሠራተኛ ታይቶ ውድቅ ሆነ ማለት አይደለም፤ የጽሑፉ ቅርጽ ሥርዓቱ ከሚጠብቀው ቅርጽ ጋር አልገጠመም ማለት ነው። ይህን ልዩነት መረዳት ከአላስፈላጊ ምልልስ ያድናል።

ማጣራቱ እንዴት ይከናወናል?

በኔትወርክ የሚመጣ መረጃ ወደ መዝገብ ከመግባቱ በፊት በሰርቨር ላይ ይጣራል። ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ ሼል ስክሪፕት ነው፤ ይኸውም ኮምፒውተር በቅደም ተከተል የሚፈጽማቸው ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል ነው። ስክሪፕቱ የመጣውን ጽሑፍ አስቀድሞ ከተወሰነ ቅርጽ ጋር ያነጻጽራል። ለምሳሌ የፋይዳ ቁጥር 12 አኃዞች ስላሉት፣ ቅርጹ «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 12 አኃዝ ብቻ» ተብሎ ሊወሰን ይችላል። በዚህ ጊዜ በመካከል ክፍት ቦታ ቢገባ ወይም ቁጥሩ በግእዝ አኃዝ ቢጻፍ አይገጥምም።

የማይታይ ምልክትም እንቅፋት ይሆናል። በብዙ የኔትወርክ አሠራሮች እያንዳንዱ መስመር የሚያበቃው በሁለት የማይታዩ ምልክቶች ሲሆን፣ ሼል የመስመር ማብቂያ አድርጎ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። የቀረው ምልክት አስቀድሞ ካልተወገደ፣ ለዓይን 12 አኃዝ የሆነው ቁጥር 13 ምልክት እንዳለው ይቆጠራል። ይህ ስሕተት በባለሙያ የሚታረም እንጂ የተገልጋዩ ጥፋት አይደለም።

ጥብቅነቱ ለምን አስፈለገ?

ሼል ትእዛዝ ፈጻሚ በመሆኑ፣ ያልተጣራ ጽሑፍ እንደ ትእዛዝ ሊፈጸም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው «ሼልሾክ» የተባለ የደኅንነት ክፍተት ከኔትወርክ የመጣ ጽሑፍ በዚህ መንገድ ሰርቨሮችን ለጥቃት እንዳጋለጠ ይታወሳል። ስለዚህ የሚፈቀደውን ብቻ ለይቶ መቀበል የዜጎችን መረጃ ይጠብቃል።

ይሁን እንጂ ቅርጹ ከሚገባው በላይ ከጠበበ መብትን ይነካል። ወርን ከ1 እስከ 12 ብቻ የሚቀበል ቅርጽ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር በጳጉሜን የተወለደን ሰው ያግዳል። በአማርኛ የተለመዱ ፊደላትን ብቻ የሚያውቅ ቅርጽም፣ በአዊኛ የሚያገለግለውን «ጘ» የያዘ ስም ላይቀበል ይችላል።

በሌላ በኩል ቅርጹ መግጠሙ የመረጃውን እውነተኛነት አያረጋግጥም። በ251 የሚጀምር የሞባይል ስልክ ቁጥርም 12 አኃዝ ስለሆነ፣ በፋይዳ ቁጥር ቦታ በስሕተት ቢገባ አኃዝ ብቻ የሚቆጥር ማጣሪያ ያሳልፈዋል።

ተገልጋዮች ምን ማድረግ ይገባቸዋል?

• ቁጥሩን ከሌላ ጽሑፍ ከመቅዳት ይልቅ በእጅ መጻፍ፤ ከፊትና ከኋላ ክፍት ቦታ አለመተው፤
• ቀኑ በኢትዮጵያ ወይም በአውሮፓ አቆጣጠር መጠየቁን አስቀድሞ ማረጋገጥ፤
• ስምን በመታወቂያ ላይ በሰፈረው ፊደል መጻፍ፤ ሥርዓቱ አልቀበል ስላለ ብቻ የስምን ፊደል ወይም የልደት ቀንን አለመቀየር፤ የተቀየረው መረጃ ከሌሎች ሰነዶች ጋር ሊጋጭ ይችላልና፤
• ችግሩ ከቀጠለ የስሕተት መልእክቱን፣ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቦ ለአገልግሎት ሰጪው ተቋም ማቅረብ።