"ዶክተር፣ ምን አጥፍቼ ነው ልጄ የሞተብኝ?"



ልጃቸው ከ7 ወር በኋላ ሆድ ውስጥ የሞተባቸው ወይም ወልደው በሳምንቱ ያጡ እናቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ ይህን ነው። መልሴ፦ ዕቃ ስላነሳችሁ ወይም ስለተናደዳችሁ አይደለም። ምክንያቱ ሁልጊዜ ባይገኝም፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ በምርመራ ሊታወቅ የሚችል የጤና ችግር አለ። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

✔ የደም ግፊት፦ ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደውን ደም ስለሚቀንስ ፅንሱ ይቀጭጫል፤ አንዳንዴም እንግዴ ልጁ ያለጊዜው ይላቀቃል። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የፊትና የእጅ እብጠት ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ።

✔ ስኳር፦ ካልተቆጣጠሩት ፅንሱ ሆድ ውስጥ ሊሞት ይችላል። ከተወለደም በኋላ በደሙ ያለው ስኳር በድንገት ሊወርድበት ይችላል።

✔ ቂጥኝ፦ እናትየዋ ምንም ሳይሰማት ወደ ፅንሱ ይተላለፋል። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በፔኒሲሊን መርፌ ይታከማል። ባልም አብሮ ካልታከመ ግን መልሶ ይይዛታል።

✔ ሾተላይ፦ እርግማን አይደለም! የእናት ደም አር ኤች ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚመጣ ነው። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፤ የሚጎዱት ተከታዮቹ ናቸው። መከላከያ መርፌው በ28ኛው ሳምንት ገደማ፣ ከዚያም ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ውርጃ ካጋጠማችሁም ሳትዘገዩ ሐኪም አማክሩ። የእናትየው ሰውነት አንዴ ፀረ እንግዳ አካል ካመረተ በኋላ መርፌው አይሠራም።

✔ በተጨማሪ፦ ከባድ የደም ማነስ፣ ወባ፣ መንታ እርግዝና፣ ዕድሜ ከ35 በላይ መሆን፣ ሲጋራ፣ አልኮል፣ እንዲሁም ከዚህ በፊት ልጅ ሆድ ውስጥ ሞቶ ከነበረ። የመጨረሻውን ለሐኪማችሁ ሳትደብቁ ንገሩ፤ ክትትላችሁ ይለወጣል።

⚠ "መውለጃው ሲደርስ ልጅ መንቀሳቀስ ይቀንሳል" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ስህተት ነው! እንቅስቃሴው ከለመዳችሁት ካነሰ ወይም ከጠፋ ነገን አትጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ጤና ተቋም ሂዱ። የሽርት ውሃ ከፈሰሰ ወይም ደም ካያችሁም እንደዚያው።

የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ እርግዝና ቢያንስ 8 ጊዜ ክትትል ይመክራል፤ የመጀመሪያው 12 ሳምንት ሳያልፍ ነው። ያኔ ግፊታችሁን አስለኩ፤ የደም ዓይነት፣ የቂጥኝ፣ የስኳርና የደም ማነስ ምርመራ መደረጉንም ጠይቁ።

ባሎችም አንብቡት፤ ለነፍሰ ጡር እህቶቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።

መልካም ጤና!