ዥንጉርጉሩ ውሻና የዕድል ስሌት
ዳክስሁንት በጀርመን አገር ለአደን የተዳቀለ፣ እግሩ አጭር፣ ወገቡ ረጅም ትንሽ ውሻ ነው። አንዳንዱ በጥቁር ጸጉሩ ላይ ግራጫ ዥንጉርጉር ይታይበታል። ምክንያቱ ምን ይሆን? እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት፣ ዛሬ ፒሜል በሚባለው ዘረ መል ውስጥ የተሰነቀረ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ መሆኑን አሳይቷል።

ቁራጩ ከአንድ ወላጅ ብቻ ሲወረስ ውበት ነው። ሁለት ዥንጉርጉሮች ሲዳቀሉ ግን ነገሩ ሳንቲምን ሁለት ጊዜ እንደ መወርወር ነው፤ አንድ ቡችላ ከሁለቱም የመውረስ ዕድሉ 1/4 ይሆናል። እንዲህ ያለው ቡችላ ነጭነት ይበዛበታል፤ ለመስማትና ለማየት ችግርም ይጋለጣል። ቀለም ሰጪ ሕዋሳት ለውስጠኛው ጆሮ ጭምር ያስፈልጋሉና።

ዥንጉርጉሩን ቁራጩ ከሌለበት ውሻ ጋር ብናዳቅል፣ በአማካይ ከቡችሎቹ ግማሹ ዥንጉርጉር ይሆናሉ፤ የድርብ ውርስ አደጋም አይኖርም። ቀይ ጸጉር ግን ቁራጩን ሊሸሽግ ይችላልና ዓይናችንን ብቻ አንመን፤ የዘረ መል ምርመራ ይቅደም።